ሸክም ተሸክሞ ወደ ዓለም ጣሪያ የወጣው ሰው፦ ሰዎች ለምን ወደ ኤቨረስት ግርጌ ይጓዛሉ?

በምትሠሩበት ሰፈር ኔፓላዊ ጥበቃ፣ ሾፌር ወይም እንደ እናንተ የቤት ሠራተኛ የሆነች ኔፓላዊት አትጠፋም። ቆሻሻ ለመጣል ስትወጡ ሰላም ትባባሉ ይሆናል። ግማሹን በአረብኛ፣ ግማሹን በምልክት እየተግባባችሁ ስለ ልጆቻችሁም ታወሩ ይሆናል። ስልኳን ከፍታ የአገሯን ፎቶ ካሳየቻችሁ ከመካከሉ አንድ ነጭ ተራራ አይጠፋም። በዓለም ላይ ከፍተኛው ተራራ ኤቨረስት ነው።

ወደዚህ ተራራ ግርጌ በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመላው ዓለም በእግራቸው ይጓዛሉ። አብዛኞቹ ጫፉ ላይ የመውጣት ሐሳብ የላቸውም። ቤዝ ካምፕ እስከሚባለው ድንኳን የሚተከልበት ስፍራ ድረስ ሄደው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። የሚገርመው ደግሞ ያ ሁሉ ድካም ካለፈ በኋላ ከቤዝ ካምፑ ላይ ቆመው የኤቨረስትን ጫፍ ማየት አይችሉም። ሌሎች ተራሮች ይጋርዱታል።

ታዲያ ሰዎች ለምን ይሄዳሉ? ዛሬ መልሱን የምንፈልገው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ነው። ሰውየው ቴንዚንግ ኖርጌይ ይባላል። ያልተማረ፣ ከአገሩ ወጥቶ የሰው ሸክም በመሸከም የኖረ ሠራተኛ ነበር። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ

መጀመሪያ ስፍራውን እንወቀው። በኔፓል በኩል ያለው ቤዝ ካምፕ ከባሕር ወለል በላይ 5,364 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። የእኛ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ቤዝ ካምፑ ከራስ ዳሸን ጫፍ በ800 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ቡርጅ ኻሊፋን አስቡት። ስድስት ቡርጅ ኻሊፋ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባችሁ ግማሽ ብትጨምሩበት ነው ቤዝ ካምፑ ላይ የምትደርሱት። የተራራው ጫፍ ከዚያም በላይ 8,849 ሜትር ላይ ነው።

አብዛኛው ተጓዥ በትንሽ አውሮፕላን ተነስቶ ሉክላ በምትባል መንደር ያርፋል። ከዚያ ወዲያ የመኪና መንገድ የለም። ናምቼ ባዛር የምትባለውን የገበያ ከተማ፣ የቴንግቦቼን ገዳምና የድንጋይ ካብ የከበባቸውን የድንች ማሳዎች እያለፈ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ይጓዛል። ርቀቱ ብዙ አይመስልም፤ ግን መሄጃው ብቻ ስምንት ቀን ገደማ ይወስዳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቤዝ ካምፕ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ነው። የቸኮለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ቶሎ ካልወረደም ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሀብታሙም ድሃውም፣ ጎረምሳውም ሽማግሌውም ቀስ ብሎ መሄድ ግዴታው ነው።

በዚህ መንገድ ላይ ሸክም የሚሸከሙት፣ ሻይ የሚያፈሉት፣ መንገድ የሚመሩት በብዛት የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ መካከል ስማቸው በዓለም የታወቀው ሼርፓዎች ናቸው። ሼርፓ የሥራ ስም የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ከጥንት ከቲቤት በኩል ተሻግሮ በኤቨረስት ሥር የሰፈረ ሕዝብ ስም ነው። ቴንዚንግ ከዚህ ሕዝብ የወጣ ነው።

የከብት እረኛው ልጅ

ቴንዚንግ የተወለደው በ1914 ነው። ቀኑን በትክክል አያውቀውም። ቤተሰቡ ማንበብና መጻፍ የማይችል ነበርና የጻፈው የለም። የአዝመራውንና የአየሩን ሁኔታ አስታውሰው በሜይ ወር መጨረሻ ገደማ እንደሆነ ገመቱለት። ከእናንተም መካከል ፓስፖርቷ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን የራሷ እንዳልሆነ የምታውቅ አትጠፋም፤ ነገሩ አይገርማችሁም።

ስሙም መጀመሪያ ቴንዚንግ አልነበረም። ናምግያል ዋንግዲ ብለውት ነበር። በኋላ አንድ የተከበሩ የገዳም አለቃ ስሙ እንዲለወጥ መከሩና ቴንዚንግ ኖርጌይ ተባለ። ትርጉሙ ሀብትን፣ ዕድልንና የሃይማኖት ተከታይነትን ያጣመረ ነው። ሀብቱ ግን ያኔ አልነበረም። አባቱ ያክ የሚባሉትን ጸጉራም የደጋ ከብቶች ይጠብቁ ነበር። እናቱ 13 ልጆች ወልደዋል፤ እሱ 11ኛው ነው። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ሞተዋል።

ልጅነቱን ያሳለፈው ኩምቡ በሚባለው የኔፓል ደጋ፣ ታሜ በምትባል መንደር ነው። ከብት ሲጠብቅ ያ ትልቅ ተራራ ይታየው ነበር። በዚያ አገር ሰው አፍ ስሙ ቾሞሉንግማ እንጂ ኤቨረስት አልነበረም። እናቱ ወፍ እንኳ በላዩ ሊበር የማይችል ተራራ እንደሆነ ይነግሩት ነበር። ልጁ ይህን ሰምቶ ከመፍራት ይልቅ ጫፉን ማየት ተመኘ። ይህ ምኞት ኋላ በደመወዝ ተቀጥሮ ሲሠራም ከውስጡ አልወጣም።

ከቤት መጥፋት

በ13 ዓመቱ ገደማ ለማንም ሳይናገር ወደ ካትማንዱ ጠፋ። ጥቂት ሳምንታት እንደቆየ ናፍቆት አላስችል አለውና ተመለሰ። ወላጆቹ አቅፈው ሳሙት፤ ከዚያም ገረፉት። አገር ቤት ያደገ ሰው ሁለቱም ከፍቅር እንደሆኑ ያውቃል።

በ1932፣ በ18 ዓመቱ፣ እንደገና ጠፋ። በዚህ ጊዜ ከጥቂት የመንደሩ ወጣቶች ጋር በድብቅ ስንቅ አጠራቅመው ድንበር ተሻግረው ወደ ሕንድ፣ ዳርጂሊንግ ወደምትባለው ከተማ ሄዱ። እንግሊዞች ሕንድን በሚገዙበት በዚያ ዘመን ዳርጂሊንግ የሻይ እርሻና የሀብታሞች ማረፊያ ነበረች። ለሼርፓ ወጣቶች ደግሞ ሥራ የሚገኝባት የሰው አገር ነበረች። ተራራ ለመውጣት ከአውሮፓ የሚመጡ ቡድኖች ሸክም ተሸካሚ የሚቀጥሩት ከዚያ ነው።

ቴንዚንግ የመጀመሪያ ሥራው ተራራ አልነበረም። ላም ጠበቀ፤ ወተት ሸጠ። ቋንቋውን አያውቅም ነበርና ከገዢዎቹ እየሰማ ለመደ። በ1933 አንድ የእንግሊዝ ቡድን ለኤቨረስት ሰው ይቀጥራል ሲባል ሰምቶ ተሰለፈ። ጸጉሩን እንደ ከተማው ሰው ተቆርጦ ስለነበር ሼርፓ አይደለህም ተብሎ ተመለሰ። የዘመኑን ሰው ለመምሰል ያደረገው ነገር እንጀራውን አስቀረበት።

ሁለት ዓመት ጠበቀ። በ1935 ኤሪክ ሺፕተን የሚባል እንግሊዛዊ ቡድን ይዞ ሲመጣ ሠራተኞች ተመርጠው ሊያልቁ ሲሉ ሁለት ቦታ ተገኘ። ቴንዚንግ ልምድ አልነበረውም፤ የሥራ ወረቀትም አልነበረውም። ሺፕተን ግን ፈገግታው ደስ አለውና መረጠው። የ20 ዓመቱ ወጣት ዳዋ ፉቲ የምትባል የአገሩን ልጅ ያገባው በዚያው ሰሞን ነበር። ሙሽራይቱን ትቶ ሸክሙን አንስቶ ሄደ።

የሸክም ዓመታት

የዚያን ጊዜ የተራራ ሥራ ምን እንደነበር እናስተውል። ፈረንጆቹ ጫፉን ለመድረስ ይሞክራሉ። ድንኳኑን፣ ምግቡን፣ ገመዱን፣ ማብሰያውን ግን ሼርፓዎቹ ተሸክመው በበረዶ ላይ ያወጣሉ። አሠሪው አንድ ጊዜ የሚያልፈውን አደገኛ ቦታ ተሸካሚው እየተመላለሰ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። በ1922 በተደረገው የእንግሊዞች ሙከራ የበረዶ ናዳ ወርዶ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሰባቱም ተሸካሚዎች ነበሩ።

ቴንዚንግ ይህን እያወቀ በ1935፣ በ1936 እና በ1938 ከቲቤት በኩል ወደ ኤቨረስት ሄደ። በ1938 ከ8,000 ሜትር በላይ ሸክም አድርሶ ተመለሰ፤ ምርጥ ሠራተኞች ብቻ የሚያገኙት ነብር የተባለ ሜዳሊያም ተሰጠው። ጓደኞቹ ለደመወዙ ነበር የሚሄዱት፤ እሱም ደመወዙን ይፈልገው ነበር። ልዩነቱ ሌሎቹ ወደ ታች ሲመለሱ እፎይ ሲሉ የእሱ ዓይን ወደ ላይ መቅረቱ ነው።

ቀጥሎ ክፉ ዓመታት መጡ። በ1939 የመጀመሪያ ልጁ ኒማ ዶርጄ በአራት ዓመቱ ሞተ። የዓለም ጦርነት ተነሳና ተራራ የሚወጣ ጠፋ። ቴንዚንግ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ወደሚገኘው ቺትራል ሄዶ የአንድ መኮንን አገልጋይ ሆነ። ሚስቱ ዳዋ ፉቲም ተከትላው ሄዳ ነበር። በ1944 እዚያው ሞተች። ሁለት ትንንሽ ሴቶች ልጆች፣ ፔም ፔምና ኒማ፣ እጁ ላይ ቀሩ። ልጆቹን ይዞ ረጅሙን መንገድ ወደ ዳርጂሊንግ ተመለሰ።

የሞግዚቷ ደመወዝ

እዚህ ላይ የምናስተዋውቃችሁ አንግ ላሙን ነው። የተራራ መጻሕፍት ብዙ አያወሩላትም። እሷም ሼርፓ ናት፤ በዳርጂሊንግ በፈረንጅ ቤቶች ልጅ የምትጠብቅ ሞግዚት ነበረች። ቴንዚንግ አገባት። የእሱን ሁለት ልጆች እንደ ልጆቿ አሳደገች።

ከጦርነቱ በኋላ ሥራ በጠፋ ጊዜ ቤቱን ያቆመው የእሷ ደመወዝ ነው። የሰው ልጅ ታጥባለች፣ የሰው ልጅ ታስተኛለች፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትመለስ የሚጠብቋት የእንጀራ ልጆቿ ናቸው። በ1947 ቴንዚንግ ያለ ፈቃድ ወደ ኤቨረስት ከሚሄድ አንድ ብቸኛ ተጓዥ ጋር ሄዶ በብርድና በነፋስ ተመትቶ ሲመለስ የተቀበለው ይኸው ቤት ነበር። ኤቨረስት ላይ ስለወጣው ሰው ሲነገር ዕቃ ያወጡት ሰዎች ተረስተዋል ይባላል፤ እውነት ነው። ቤቱን ያቆመችው ሞግዚት ግን የበለጠ ተረስታለች። እናንተ የምትልኩት ገንዘብ የስንቱን ትምህርትና የስንቱን ጣሪያ እንዳቆመ የምታውቁ፣ የአንግ ላሙን ድርሻ ለመመዘን ከማንም በላይ ትችላላችሁ።

ሻማና ቀይ ሻርፕ

በ1952 ስዊዞች በኔፓል በኩል ወደ ኤቨረስት ሄዱ። ቴንዚንግን የሠራተኞች አለቃ አድርገው ቀጠሩት፤ ከዚያም አልፈው ከራሳቸው ተራራ ወጪዎች እንደ አንዱ ቆጠሩት። ለእሱ ይህ አዲስ ነገር ነበር። መንገዱ በልጅነት አገሩ በኩል ስለሚያልፍ ለዓመታት የተለያቸውን እናቱንም አገኘ።

ከቡድኑ መካከል ራይሞን ላምበርት ከሚባል ሰው ጋር ወዳጅ ሆኑ። ላምበርት ከዚያ በፊት በአንድ ተራራ ላይ ብርድ በልቶት የእግሩን ጣቶች ያጣ ሰው ነው። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። በምልክት፣ በጥቂት ቃላትና በሳቅ ይግባቡ ነበር። እናንተም አሠሪዎቻችሁ ቤት ስትገቡ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት እንዳለፋችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ቋንቋ ሳይኖር ሰው ከሰው ጋር መግባባት እንደሚችል ታውቁታላችሁ።

ሁለቱ ከ8,000 ሜትር በላይ ባለች ትንሽ ድንኳን አንድ ሌሊት አደሩ። የመኝታ ከረጢት አልነበራቸውም፤ ምድጃም አልነበራቸውም። ውሃ ለመጠጣት በረዶ በሻማ አቀለጡ። እንቅልፍ ከወሰዳቸው በብርድ እንዳይሞቱ እየተደባበደቡ ነጋ። በማግስቱ 8,595 ሜትር ገደማ ደረሱ። ያን ያህል ከፍታ የደረሰ ሰው መኖሩ እስከዚያ ቀን አይታወቅም። ጫፉ ሊደርስ 250 ሜትር ያህል ሲቀረው አቅማቸው አለቀ፤ ተመለሱ። ቢገፉ ይደርሱ ይሆናል፤ መመለስ ግን አይችሉም ነበር። ላምበርት ለቴንዚንግ ቀይ ሻርፕ ሰጠው። ያን ሻርፕ አትርሱት።

ሰባተኛው ጉዞ

በ1953 እንግሊዞች በጆን ሀንት መሪነት ተነሱ። ከ350 በላይ ተሸካሚዎች ነበሩ። ቴንዚንግ የሠራተኞች አለቃም የተራራ ወጪዎቹ ቡድን አባልም ሆኖ ተቀጠረ። ዕድሜው 39 ነው፤ በሽታ ላይ ከርሟል፤ ወደ ኤቨረስት ሲሄድ ይህ ሰባተኛው ነው።

ጉዞው በቅሬታ ጀመረ። ካትማንዱ ሲደርሱ እንግሊዞቹ በኤምባሲያቸው ግቢ በአልጋ ሲያድሩ፣ ለቴንዚንግም አልጋ ሲቀርብለት፣ ሼርፓዎቹ ግን ጋራዥ ውስጥ መሬት ላይ እንዲተኙ ተደረገ። መጸዳጃም አልነበረም። ሼርፓዎቹ ጠዋት ተነስተው ከጋራዡ ፊት ለፊት ሸኑ። ያ ተቃውሞ ነው። ክብራችን ተነካ ማለታቸው እንደሆነ ሁሉም ገባው። ቴንዚንግ በአሠሪዎቹና በወንድሞቹ መካከል ቆሞ ሁለቱንም ወገን ማስታረቅ ነበረበት።

ተራራው ላይ ኤድመንድ ሂላሪ ከሚባል የኒውዚላንድ ንብ አርቢ ጋር አንድ ገመድ ላይ ታሰሩ። አንድ ቀን ሂላሪ የረገጠው በረዶ ተደርምሶ ወደ ስንጥቅ ውስጥ ወደቀ። ቴንዚንግ የበረዶ መጥረቢያውን ተክሎ ገመዱን ይዞ አስቀረው። ሂላሪ ከዚያ ወዲህ ወደ ጫፉ የሚሄድ ከሆነ ከዚህ ሰው ጋር መሄድ እንዳለበት ወሰነ።

ሜይ 26 ቡርዲሎንና ኢቫንስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ቀድመው ሞከሩ። ጫፉ ሊደርሱ 100 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ደክመው ተመለሱ። ተራው የቴንዚንግና የሂላሪ ሆነ።

ሜይ 29 ንጋት ላይ 8,500 ሜትር ገደማ ባለች ድንኳን ውስጥ ነቁ። ሂላሪ ጫማውን ውጭ ትቶ አድሮ እንደ ድንጋይ ደርቆ ጠበቀው፤ በምድጃ ሲያሞቁት ብዙ ጊዜ አለፈ። ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ተኩል ኦክስጅናቸውን ተሸክመው ወጡ። አንድ ቀጥ ያለ የድንጋይና የበረዶ ግድግዳ ከፊታቸው ተደቀነ፤ አለፉት። ከረፋዱ በ5 ሰዓት ተኩል ከዚያ በላይ የሚወጣ ነገር አጡ። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ግንቦት 21 ቀን 1945 ነበር።

ሂላሪ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ፤ ቴንዚንግ አቀፈው። በዓለም የታወቀው የጫፉ ፎቶ ላይ የሚታየው ቴንዚንግ ነው፤ ባንዲራ የታሰረበት የበረዶ መጥረቢያ ከፍ አድርጎ ይዟል። አንገቱ ላይ የላምበርት ቀይ ሻርፕ ነበር። ጫፉ ላይ የቆዩት ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

ቴንዚንግ ቡድሂስት ነበርና በረዶውን ቆፍሮ ከረሜላ፣ ቸኮላትና ብስኩት ለተራራው መባ አድርጎ ቀበረ። አብሮም አንዲት ትንሽ እርሳስ አስቀመጠ። ከቤት ሲወጣ ልጁ ኒማ የሰጠችው ናት። እሱ ራሱ መጻፍ አይችልም፤ ይዞ የወጣው ግን የልጁን እርሳስ ነበር።

ማን ቀደመ?

ወሬው በዓለም ተሰማ። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በደፉበት በጁን 2 ጠዋት ለንደን ውስጥ ይፋ ሆነ። ቴንዚንግ ወደ ካትማንዱ ሲመለስ ሰዉ በጎዳናው ሞላ። ደስታው ግን ወዲያው ወደ ክርክር ተለወጠ። መጀመሪያ ጫፉን የረገጠው ማን ነው? ኔፓል የእኔ ነው አለች፤ ሕንድም የእኔ ነው አለች። ጋዜጠኞች ከአፉ አንድ ቃል ለማውጣት ከበቡት። አንብቦ የማያውቃቸውን ወረቀቶች ፈርም ተባለ። የፈረመባችሁበት ውል ምን እንደሚል ሳታውቁ ቀርታችሁ የምታውቁ ከሆነ ያን ጭንቀት ትረዱታላችሁ።

ሁለቱ ሰዎች በአንድነት ነው የደረስነው የሚል ቃል ሰጡ። በ1955 በአስጻፈው የሕይወት ታሪኩ ግን ቴንዚንግ እውነቱን አስቀመጠ፤ በገመዱ ላይ ቀዳሚው ሂላሪ ስለነበር ጥቂት እርምጃ ቀድሞ የረገጠው እሱ ነው። ብዙ ደጋፊዎቹ ይህን መስማት አልፈለጉም። ዋሽቶ ጀግና መሆን ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

ሽልማቱም እኩል አልነበረም። ሂላሪና ሀንት ከእንግሊዝ ዙፋን የሰርነት ማዕረግ አገኙ። ቴንዚንግ ያገኘው የጆርጅ ሜዳሊያን ነው። ይህ ልዩነት እስከዛሬ ያነጋግራል። የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔህሩ ግን እንደ ወንድም ተቀበሉት። ወደ ለንደን ሲሄድ የሚለብሰው ስላልነበረው የራሳቸውን ልብሶች ሰጡት፤ ልክክ አሉለት። አንግ ላሙና ሁለቱ ልጆችም አብረውት ለንደን ሄዱ።

ከጫፉ በኋላ

ሰው ስሙ ከገነነ በኋላ የሚያደርገው ነገር ማንነቱን ያሳያል። በ1954 ዳርጂሊንግ ውስጥ የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ቴንዚንግ የመስክ ሥልጠናው የመጀመሪያ ኃላፊ ሆነ። ለብዙ ዓመታት ወጣቶችን ገመድ አስተሳሰር፣ በረዶ አረጋገጥና ከሁሉም በላይ መቼ መመለስ እንዳለባቸው አስተማረ። በ1978 ደግሞ ሰዎችን በሂማላያ ተራሮች ሥር በእግር የሚያስጎበኝ ድርጅት መሠረተ። ሸክም ተሸካሚ የነበረው ሰው አስጎብኚ ሆነ።

ልጆቹን ባሕር ማዶ ድረስ ልኮ አስተማረ። ትምህርት ቤት ያልገባ አባት ተራራ የወጣው ልጆቹ ለእንጀራ ብለው እንዳይወጡ መሆኑን ነግሯቸዋል። ሆኖም ልጁ ጃምሊንግ በ1996 የአባቱን ዱካ ተከትሎ ኤቨረስት ላይ ወጣ።

አባቱ ይህን አላየም። ቴንዚንግ በሜይ 9 ቀን 1986፣ በእኛ የግንቦት ልደታ ዕለት፣ ዳርጂሊንግ ውስጥ አረፈ። ወደ ከተማዋ በ18 ዓመቱ ተደብቆ የገባው ልጅ በ71 ዓመቱ ሲሸኝ የቀብሩ ሰልፍ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ረዘመ።

ታዲያ ሰዎች ለምን ይሄዳሉ?

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ዛሬ ወደ ቤዝ ካምፕ የሚሄድ ሰው ጉዞውን የሚጀምርበት የሉክላ አውሮፕላን ማረፊያ በቴንዚንግና በሂላሪ ስም ይጠራል። ከናምቼ ባዛር በላይ መጥረቢያውን ከፍ አድርጎ የቆመ የቴንዚንግ ሐውልት አለ፤ ከጀርባው ኤቨረስት ይታያል። በአቅራቢያው በኩምጁንግ መንደር ሂላሪ በ1961 ከሼርፓዎች ጋር ሆኖ ያሠራው ትምህርት ቤት አለ። ሼርፓዎቹ ከሂላሪ የጠየቁት ለልጆቻቸው ትምህርት ነበር። የቴንዚንግ ልጅ እርሳስ ጫፉ ላይ ቀረች፤ በተራራው ሥር ያሉ ልጆች ግን ዛሬ እርሳስ ይዘው ይማራሉ።

ከዚያ ከፍ ሲባል በቱክላ ኮረብታ ላይ ተራራው ላይ ለሞቱ ሰዎች የተከመሩ የድንጋይ መታሰቢያዎች አሉ። የሼርፓዎችም ስም በብዛት እዚያ አለ። በአፕሪል 2014 ከቤዝ ካምፑ በላይ በወረደ የበረዶ ናዳ 16 ሰዎች ሞቱ፤ ሁሉም ለሌሎች ዕቃ ሲያወጡና መንገድ ሲያበጁ የነበሩ ኔፓላውያን ሠራተኞች ነበሩ። ከ1922 ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ሸክሙ በማን ጀርባ እንዳለ ግን ገና አልተለወጠም።

ሰዎች የሚሄዱበት ምክንያት ብዙ ነው። አንዱ አቅሙን ሊፈትን፣ ሌላው ሐዘኑን ሊያስታግስ፣ ሌላው ለወሬ ይሄዳል። የተራራውን ጫፍ ማየት የፈለገ ካላ ፓታር የሚባለውን ጉብታ ይወጣል፤ ከዚያ በግልጽ ይታያል። ቤዝ ካምፑ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። እዚያ የቆመ ሰው የሚያየው ድንኳኑን፣ ገመዱን፣ የበረዶውን ግግር፣ ሸክም ይዘው የሚመላለሱትን ሰዎች ነው። ጫፉን በፎቶ ማየት ይቻላል፤ ጫፉ ላይ ለመድረስ ስንት ሰው ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ለማየት ግን እዚያ ድረስ በእግር መሄድ ያስፈልጋል። ስምንት ቀን ሽቅብ የሄደ ሰው የራሱን ቦርሳ እንኳ መሸከም ሲያቅተው አጠገቡ ሦስት ሰው የሚሸከመውን ተሸክሞ የሚያልፈውን ሲያይ ቴንዚንግ ማን እንደነበር ይገባዋል።

ቴንዚንግ ለአሠሪዎቹ ሸክም በተሸከመባቸው በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የራሱን ምኞት አልጣለም። ሥራው የሌሎች ነበር፤ ምኞቱ ግን የራሱ ነበር። ሁለቱን ሳያምታታ ይዞ ቆየ፤ በ39 ዓመቱ ደረሰ። ስድስት ጊዜ ሳይደርስ መመለሱንም አትርሱ። ከመካከላቸው አንዱም ጊዜ ውድቀት አልነበረም፤ በሕይወት ተመልሷልና።

ኔፓል ሜይ 29ን በየዓመቱ የኤቨረስት ቀን ብላ ታከብረዋለች። ቴንዚንግም የልደት ቀኑን ስላላወቀ ይህንኑ ቀን ልደቱ አድርጎ መርጦት ነበር። በሚቀጥለው ግንቦት 21 ቀን ያቺን ኔፓላዊት ጎረቤታችሁን ደጅ ላይ ካገኛችኋት እንኳን አደረሰሽ በሏት። ከዚያም ስለ ቴንዚንግ ጠይቋት። የምትነግራችሁ አታጣም፤ እናንተም አሁን የምትነግሯት አላችሁ።